ባሕሩን የምንሻገርባቸው ቀናት፦ የአይሁድ ፋሲካን መጨረሻ ማኅበር በሌለበት ከተማ ማክበር

የቂጣ በዓል ሲገባ ቤቱ ሁሉ ይነቃነቃል። ዕቃ ይታጠባል፣ እርሾ ይደፋል፣ ቂጣ ይጋገራል፤ የመጀመሪያው ሌሊት እስኪያልፍ ማንም አያርፍም። አምስተኛው ቀን ላይ ግን ድካም ይመጣል። ቂጣው ይሰለቻል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ይጎትታል፣ ሰባተኛው ቀን ሳይታሰብ ደርሶ ሳይከበር ያልፋል። ኦሪት ግን ከሰባቱ ቀናት ሁለቱን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን፣ እኩል ቅዱሳን አድርጋ ሥራ ከልክላባቸዋለች።

የመጀመሪያው ሌሊት የመውጣት ሌሊት ነው፤ ሰባተኛው የመሻገር ቀን ነው። ሕዝቡ ከግብጽ ከወጣ በኋላ ፈርዖን ከኋላ፣ ባሕሩ ከፊት ሆነውበት የቆመው በዚያው ሳምንት ነበር። ቤተ እስራኤል የሚባለው የኢትዮጵያ አይሁድ ማኅበር ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነስቶ ሱዳን የገባ ሰው ወጥቷል እንጂ ገና አልተሻገረም ነበር። በመንገዱና በስደተኛ ካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖች እንዳለቁ ይገመታል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ6,000 በላይ የሆኑት በሌሊት በአውቶቡስ ከገዳሪፍ ወደ ኻርቱም እየተወሰዱ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ወጥተዋል።

አል-ማንሺያ አውሮፕላኖቹ ከተነሱበት ከኻርቱም አየር ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ዓባይ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ይህን መመሪያ ስጽፍ እዚያ ወይም እዚያን በመሰለ ከተማ ያለ፣ በአቅራቢያው ቄስም ራቢም የሌለው፣ በአማርኛ የሚጸልይ ቤተሰብ በሐሳቤ አለ። ኻርቱም ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ራቢ ሰለሞን ማልካ እ.ኤ.አ. በ1906 ከግብጽ ወደ ኦምዱርማን መጥተው በ1949 እስኪያርፉ ድረስ የአይሁድን ማኅበር መርተዋል። በ1926 ከተማዋ መሀል ምኩራብ ተሠርቷል። ከ1967ቱ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ አብዛኛው ሰው ወጣ፣ ምኩራቡም በ1986 ተሽጦ ፈረሰ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሱዳን ጦርነት ደግሞ ከከተማዋ ነዋሪ ብዙውን በታተነ። ስለዚህ እዚህ የሚከተለው ሁሉ በቤት ውስጥ፣ በጥቂት ሰው ሊደረግ እንደሚችል ሆኖ የቀረበ ነው። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ምኩራብ አጠገብ ያሉ አንባቢዎች ሥራው ይቀልላቸዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፦ የመጨረሻዎቹ ቀናት የሚበላሹትም የሚያምሩትም በስድስተኛው ቀን ነው። ከታች ከተዘረዘረው ውስጥ ግማሹ ስድስተኛው ቀን ሳይመሽ የሚሠራ ነው።

1. ሰባት ቀን ወይስ ስምንት? አስቀድመው ይወስኑ

በእስራኤል ምድር በዓሉ ሰባት ቀን ነው። ከእስራኤል ውጭ በራቢዎች ሥርዓት ስምንት ቀን ይሆናል፤ ሰባተኛውም ስምንተኛውም ሙሉ በዓል ናቸው። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ የራቢዎቹ ሥርዓት ስላልደረሳቸው በኦሪት እንደተጻፈው ሰባት ቀን ብቻ ያከብሩ ነበር። ዛሬ የራቢዎቹን ሥርዓት ተቀብሎ ከእስራኤል ውጭ የሚኖር ቤተሰብ ስምንተኛውን ይጨምራል። ነዋሪነትዎ እስራኤል ሆኖ ለሥራ ወይም ለጉብኝት ከወጡ የእርስዎ ጉዳይ የተለየ ስለሆነ ከጉዞ በፊት ራቢዎን ይጠይቁ። በቤትዎ ሁለት ሥርዓት ካለ፣ ለምሳሌ አያት ሰባት፣ ልጅ ስምንት ከሆነ፣ ክርክሩን በበዓሉ ማዕድ ላይ ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ይጨርሱት።

ቀጥሎ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ይጻፉ። በ2019 ዓ.ም. ሰባተኛው ቀን ረቡዕ ሚያዝያ 20 (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2027) ነው፤ ስምንተኛው ሐሙስ ሚያዝያ 21 ነው። በዓል የሚገባው በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ሥራዎን ማክሰኞ ሚያዝያ 19 ከሰዓት በኋላ ማቆም አለብዎ። ኻርቱም ውስጥ ዓርብና ቅዳሜ የሥራ ቀናት ስላልሆኑ ሁለት ቀን ፈቃድ ብቻ ጠይቀው አራት ቀን በተከታታይ ያርፋሉ። ፈቃዱን ግን በዓሉ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ፤ በአጋማሹ ቀናት ድንገት መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሳካም።

2. የፀሐይን መጥለቂያ ሰዓት ይያዙ

በሚያዝያ አጋማሽ ኻርቱም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በአገሩ ሰዓት፣ በእኛ አነጋገር፣ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 12 ሰዓት ከ35፣ ጎንደር ላይ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ይሆናል። የሰባተኛው ቀን ሻማ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይበራል፤ ለኻርቱም 12 ሰዓት ሊሆን 11 ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ስምንተኛው ቀን ሲገባ ግን ተቃራኒው ነው። ሰባተኛው ቀን ራሱ በዓል ስለሆነ ለስምንተኛው ምንም ነገር በእሱ ላይ አይዘጋጅም። ሦስት ከዋክብት እስኪታዩ ይጠብቁ፣ ከዚያ ሻማ ያብሩ፣ ገበታ ያቅርቡ፣ ምግብ ያሙቁ።

3. ለሁለት ቀን የሚዘልቅ እሳት ያዘጋጁ

የበዓል ቀን ከሰንበት የሚለይበት ትልቁ ነገር እሳት ነው። በበዓል ቀን ለዕለቱ ምግብ ማብሰል ይፈቀዳል፤ አዲስ እሳት መጫርና የነደደውን ማጥፋት ግን አይፈቀድም። ክብሪት፣ ላይተርና የጋዝ ምድጃ ማቀጣጠያ ሁሉ አዲስ እሳት ናቸው። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት የበራና እስከ ስምንተኛው ቀን ማታ የማይጠፋ እሳት ያስፈልግዎታል።

ምኩራብ ባለባቸው ከተሞች ለ48 ሰዓት የሚበራ ሻማ ይሸጣል። እሱ ከሌለ በደንብ የተሞላ ትልቅ ኩራዝ ወይም የዘይት መብራት ይበቃል። ኩራዙን ሰፊ ሸክላ ሳህን ላይ፣ መጋረጃና ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። ክሩን አጠር ያድርጉት፣ ዘይቱን አንድ ሌሊት ቀደም ብለው ለክተው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይፈትሹ። በማግስቱ ማታ ከእሱ በጧፍ ወይም በቀጭን እንጨት እሳት ተቀብለው ሻማውንም ምድጃውንም ያቀጣጥላሉ። ጧፉን እፍ ብለው አያጥፉት፤ ሳህን ላይ አስቀምጠው በራሱ ይጥፋ።

ከሰል የሚጠቀም ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ይስማ። እሳት ማዳፈን የለመድነው ሥራ ቢሆንም በበዓሉ ቀን አመድ አልብሶ ፍሙን ማቀዝቀዝ ማጥፋት ይሆናል፤ የሚዳፈን ከሆነ በዋዜማው ይዳፈን። የተዳፈነ ፍም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደር። ጭስ ባይታይም ጋዙ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ኤሌክትሪክ ባሉበት ሁኔታ ይተዉት፦ የሚበራው ይብራ፣ የጠፋው ይጥፋ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጄኔሬተር በበዓል ቀን አይነሳም፤ ለዚህም ኩራዙ ያገለግላል።

4. ቂጣውን ይቁጠሩ

ስምንት ቀን ለሚያከብር ቤት አራት የበዓል ገበታዎች ይቀራሉ፦ የሰባተኛው ማታና ቀን፣ የስምንተኛው ማታና ቀን። በእያንዳንዱ ገበታ ላይ በረከት የሚባልባቸው ሁለት ያልተሰበሩ ቂጣዎች ይቀርባሉ። ስለዚህ ቢያንስ 8 ሙሉ ቂጣ ለይተው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ የተሰባበረውን በአጋማሹ ቀናት ይጨርሱት።

ቢያልቅስ? በበዓሉ ሳምንት ውስጥ ቂጣ መጋገር አይመከርም። ዱቄት ውሃ ከነካው ጊዜ አንስቶ ተጋግሮ እስኪወጣ 18 ደቂቃ ማለፍ የለበትም፤ አንዲት ጥፋት እርሾ ያለበትን ነገር በበዓሉ መሀል ቤትዎ ውስጥ ትወልዳለች። እናቶቻችን ሊጡን ከእጃቸው ሳያወርዱ ከገበቴ ወደ ምጣድ ያሳልፉት የነበረው ይህን ፈርተው ነው። ቢያጥርብዎ ከማኅበር ያስልኩ፣ ወይም ያለውን ለበዓሉ ገበታዎች ብቻ ይቆጥቡና በአጋማሹ ቀናት ድንች፣ እንቁላልና ዓሣ ይብሉ። የአጋማሹን ቀናት ያለ ቂጣ ማሳለፍ ይቻላል፤ የተከለከለው እርሾ ያለበትን መብላት ነው።

5. ገበያ ይውጡ፣ ግን ዓይንዎ ይምረጥ

የኻርቱም ሙቀት በሚያዝያ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ አስቀድሞ የተሠራ ወጥ ለሁለት ቀን አይቆይም። የበዓል ቀን ማብሰልን የሚፈቅድ መሆኑ እዚህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጥሬ ዕቃውን አስቀድመው ይግዙ፣ ምግቡን ግን በየዕለቱ ያብስሉ።

ሥጋ፦ በሥርዓቱ የሚያርድ ሰው ከሌለ ሥጋ ይቅር። ዓባይ ዓሣ አለው። ኦምዱርማን የሞረዳ ገበያ ሄደው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ይምረጡ። እኛ ቆሮሶ የምንለው፣ ሱዳኖች ቡልቲ የሚሉት ይፈቀዳል፤ ኢጅል የሚሉት ትልቁ የዓባይ ዓሣም እንዲሁ። ጋርሙት የሚሉት አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው አይበላም። ተገፍፎና ተቆራርጦ የሚሸጠውን አይግዙ፤ ሙሉውን ያስመጡ፣ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ፈቅፍቀው ያረጋግጡ፣ ከዚያ በእርስዎ ቢላ ይቆረጥ።

ጥራጥሬ፦ በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሽምብራና ባቄላ የበዓሉ ሳምንት ምግብ ናቸው። ከሰፋርድና ከምሥራቅ ማኅበራት ብዙዎችም ጥራጥሬና ሩዝ ይበላሉ፤ አሽከናዞች አይበሉም። ሩዝ ከገዙ ስንዴ እንዳይቀላቀልበት በትሪ ላይ አፍስሰው ሦስት ጊዜ ይልቀሙት።

የሚከለከለው፦ በኦሪት ሐሜጽ፣ ማለትም በበዓሉ የሚከለከል እርሾ ያለበት ነገር፣ የሚሆኑት አምስቱ እህሎች ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃና ሁለቱ ዘመዶቻቸው ናቸው። ጠላ፣ በሶና የገብስ ቆሎ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጤፍ ከአምስቱ አይቆጠርም፤ ሆኖም አባቶቻችን ወደ ቦካ ነገር ሁሉ ስለማይቀርቡ በበዓሉ እንጀራ አይበሉም ነበር። የሱዳኖቹም ኪስራ የቦካ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ይታይ። በርበሬና ሽሮ ከሱቅ ከገዙ ዱቄት ተቀላቅሎባቸው ሊሆን ስለሚችል በቤት የተዘጋጀው ይመረጣል።

ቡና፦ ቡና በበዓሉ ይጠጣል። በዓል ቀን ግን መውቀጥና መፍጨት ስለማይሠራ ተቆልቶና ተወቅጦ በዋዜማው ይቀመጥ። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቅመሙም እንዲሁ። ለቡና ቁርስ ከገብስ ቆሎ ይልቅ የተቆላ ሽምብራ ይቅረብ።

6. ወይን ከሌለ ዘቢብ ያዘጋጁ

የበዓሉ ማታና ቀን በቂዱሽ፣ ማለትም ወይን ላይ በሚባል በረከት፣ ይጀመራል። ሱዳን ውስጥ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልኮል ተከልክሎ ነበር፤ በ2020 ሙስሊም ላልሆኑት ሕጉ ቢላላም የተፈቀደ ወይን ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው። የዘቢብ ጭማቂ ያለምንም ችግር ይተካዋል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ዘቢቡን ለቅመው ይጠቡ፣ በቢላ ይክተፉት፣ በስድስት ኩባያ ውሃ ከአንድ ኩባያ በላይ ዘቢብ ሆኖ ይዘፍዝፉት። አንድ ሙሉ ቀን ከቆየ በኋላ ዘቢቡን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጭመቁ። ከዘቢቡ ጭማቂ መውጣት አለበት፤ ውሃው ቀለም መያዙ ብቻ አይበቃም። ለአራቱ ገበታዎችና ለመዝጊያው የሚሆን ይቁጠሩና በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጨምቀው ይጨርሱ። መጭመቅም በበዓሉ ቀን የተከለከለ ሥራ ነው።

7. ሰባተኛው ቀን ዓርብ ከዋለ ዔሩብ ያድርጉ

በ2021 ዓ.ም. ሰባተኛው ቀን ዓርብ መጋቢት 28፣ ስምንተኛው ደግሞ በሰንበት መጋቢት 29 ይውላል። በዓል ቀን ለማግስቱ አይበሰልም ብለናል፤ ሰንበት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይበሰልም። መፍትሔው ዔሩብ ታብሺሊን ነው። ሐሙስ መጋቢት 27 ሳይመሽ አንድ ቂጣና አንድ የበሰለ ነገር፣ ለምሳሌ የተቀቀለ እንቁላል፣ በእጅዎ ይያዙ። በረከቱን ይበሉ፤ ከዚያም በሚገባዎ ቋንቋ፣ በዚህ ምግብ ምክንያት ከበዓሉ ቀን ለሰንበት መቀቀል፣ ማሞቅና መብራት ማብራት ለቤተሰቡ እንዲፈቀድ ይናገሩ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቀምጠው ሰንበት እስኪገባ እንዳይበሉ ይጠብቁ፤ በሰንበት ገበታ ላይ ይበሉታል። የዓርቡን ማብሰል ደግሞ ቀኑ ሳይገፋ ይጨርሱ። ሰባተኛው ቀን በሌላ ዕለት ከዋለ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

8. የሰባተኛው ማታ፦ ሻማ፣ ቂዱሽ፣ ቁጥር፣ ንባብ

ሻማውን ሲያበሩ የበዓል ሻማ በረከት ይባላል። በመጀመሪያው ሌሊት የተባለው «ለዚህ ጊዜ ያደረስከን» የሚለው በረከት ግን በመጨረሻዎቹ ቀናት አይደገምም፤ እነዚህ ቀናት የዚያው በዓል ፍጻሜ እንጂ አዲስ በዓል አይደሉምና። በቂዱሹም እንዲሁ ይቀራል።

ዑመርን፣ ማለትም ከፋሲካ እስከ ሳምንታት በዓል ያሉትን ቀናት፣ የሚቆጥሩ ከሆነ የሰባተኛው ሌሊት ስድስተኛው ቀን ነው፤ የስምንተኛው ሌሊት ሰባተኛው፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሳምንት ነው። በዓሉ በወጣበት ሌሊት ስምንት ይባላል። በአሮጌው የቤተ እስራኤል ሥርዓት ቆጠራው የሚጀምረው ሰባቱ የቂጣ ቀናት ካለቁ በኋላ ነው።

ብዙ ማኅበራት በዚህ ሌሊት ሳይተኙ ኦሪት ያነባሉ። ባሕሩ የተከፈለው በዚያ ሌሊት ነው፤ ውሃው ወደ ቦታው የተመለሰው ሊነጋ ሲል ነው። ልጆች ያሉት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ባይችል ከእራት በኋላ ኦሪት ዘጸአትን ከምዕራፍ 13 ቁጥር 17 አንስቶ እስከ ምዕራፍ 15 ቁጥር 26 ድረስ በየተራ ያንብብ። ጀበናው ከነባሩ እሳት ላይ ይጣድ። ከዚያ የዕድሜ ባለጸጋ ካለ ስለ ሱዳን መንገድ ይጠየቅ። ከየት መንደር ተነሱ? ሌሊት ማን መራቸው? ውሃ ከየት አገኙ? በአትባራ ወንዝ በኩል ነው የገቡት ወይስ በሌላ? እንዲህ ያለ ጥያቄ «እስቲ ተርክልን» ከማለት ይሻላል፤ ሰው በቁርጥ ሲጠየቅ በቁርጥ ያስታውሳል። በበዓል ቀን መጻፍም መቅረጽም ስለማይቻል ያኔ ያዳምጡ፤ የሰሙትን በዓሉ ከወጣ በኋላ ይጻፉት።

9. የሰባተኛው ቀን ጸሎት

ከኻርቱም ኢየሩሳሌም ያለችው በሰሜን፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ዘመም ብላ ነው። የሙስሊም ጎረቤቶችዎ ለመካ የሚዞሩት ከዚያ ይበልጥ ወደ ምሥራቅ ነውና የመስጊዱን አቅጣጫ አይከተሉ። ጎንደርና አዲስ አበባ ላለ ደግሞ ሰሜን ሆኖ በጥቂቱ ወደ ምዕራብ ነው።

አሥር ሰው ከሌለ የኦሪት ጥቅልል ወጥቶ አይነበብም፣ ቃዲሽ የተባለው ጸሎትም አይባልም። የቀረው ጸሎት ግን በሙሉ ለብቻ ይባላል። የዕለቱ ንባብ ማታ ያነበቡት ያው የባሕሩ ታሪክ ነው፤ ከነቢያት ደግሞ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 22 ይነበባል። ወደ ሙሴ መዝሙር ሲደርሱ ሁሉም ይቁም። ሃሌል የሚባለው የምስጋና መዝሙር በእነዚህ ቀናት ሙሉው አይባልም፣ ክፍሎች ይቀነሱለታል። ሊቃውንቱ ከሰጡት ምክንያት አንዱ ግብጻውያን ሰጥመው ሳለ ደስታ ሙሉ ሊሆን አይገባውም የሚል ነው። ይህን ለልጆች ይንገሯቸው፤ በጦርነት ከተማ ላደገ ልጅ ቶሎ ይገባዋል።

ሰላም በሆነ ቀን ከአል-ማንሺያ ቤት ወደ ዓባይ ዳር በእግር መሄድ ይቻላል። በዓል ቀን መኪና አይነዳም፤ መራመድ ግን ከበዓሉ ደስታ ነው። ይህ ውሃ ከሰከላ ተራሮች ሥር ከሚመነጨው ጋር ጣናን አልፎ የመጣ ነው። ዳሩ ላይ ቆመው መዝሙሩን በቃልዎ ቢደግሙት አካባቢን ሳይረብሹ፣ ማንንም ሳይሰበስቡ ይሁን።

10. ስምንተኛው ቀን፦ መታሰቢያና የመጨረሻው ገበታ

ከሦስት ከዋክብት በኋላ ከኩራዙ እሳት ተቀብለው ሻማ ያብሩ፣ ቂዱሽ ይበሉ። በቀኑ ኦሪት ዘዳግም ከምዕራፍ 15 ቁጥር 19 እስከ ምዕራፍ 16 ቁጥር 17 ይነበባል፤ ሰንበት ላይ ከዋለ ከምዕራፍ 14 ቁጥር 22 ይጀመራል። ከነቢያት ኢሳይያስ ከምዕራፍ 10 ቁጥር 32 እስከ ምዕራፍ 12 ፍጻሜ ነው፤ ስለሚመጣው ሰላምና ስለተበተኑት መሰብሰብ ይናገራል።

በአሽከናዝና በሌሎችም ማኅበራት የሙታን መታሰቢያ የሆነው ይዝኮር በዚህ የመጨረሻ ቀን ይባላል፤ ሰባት ቀን የሚያከብሩት በሰባተኛው ይሉታል። አሥር ሰው ባይኖርም ብቻዎን ሊሉት ይችላሉ። የመታሰቢያ ሻማ የሚያበሩ ከሆነ በዋዜማው ወይም ከነባሩ እሳት ይሁን። በሱዳን መንገድ የቀሩትን በስማቸው ይጥሩ፤ ስም የማይታወቅ ሕፃን ካለ የእናቱን ስም ይጥሩ። ለቅሶ ግን አይቀመጡ፤ በዓል ነው። በሱዳን መንገድ ላለቁት ሁሉ በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ የሚደረገው የመታሰቢያ ቀን ኢያር 28 ላይ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ ለኀዘኑ የተለየው ቀን እሱ ነው።

የስምንተኛው ቀን ገበታ ላላ ያለ ነው። ቂጣን ውሃ ወይም መረቅ ሳያስነኩ ሳምንቱን የዘለቁት ሐሲዳውያን የሚባሉት ማኅበራት እንኳ በዚህ ቀን አርሰው ይበላሉ። በዓሣው መረቅ የቂጣ ፍትፍት ሠርተው የተረፈውን ሁሉ ይጨርሱ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ሐሲዳውያን የመሲሕ ማዕድ የሚሉትን ትንሽ ገበታ ያቀርባሉ፤ ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1760 ካረፉት ከመሥራቻቸው ከባዓል ሼም ጦብ የመጣ ነው። ቂጣ፣ የዘቢብ ጭማቂና መዝሙር ይበቃዋል።

11. በዓሉን መዝጋትና እንጀራን መመለስ

ከዋክብት ሲወጡ በጭማቂው ላይ ሃብዳላ፣ ማለትም በዓሉን ከተራው ቀን የሚለይ ጸሎት፣ ይባላል። ማታው የሰንበት መውጫ ካልሆነ ሻማና ሽቶ አያስፈልጉትም፤ የወይኑና የመለየቱ በረከት ብቻ ነው። ኩራዙን አሁን ማጥፋት ይችላሉ።

ሐሜጽዎን በራቢ አማካይነት ለአሕዛብ ሸጠው ከነበረ ራቢው መልሶ እስኪገዛው አንድ ሰዓት ያህል ይታገሡና የተቆለፈውን ቁም ሣጥን ይክፈቱ። ሳይሸጥ በአይሁዳዊ እጅ በዓሉን ያሳለፈ ሐሜጽ ከበዓሉም በኋላ አይበላም፣ አይሸጥም። አይሁዳዊ ካልሆነ ባለሱቅ ግን ወዲያው ዳቦ ገዝቶ መብላት ይቻላል። የሞሮኮ አይሁድ በዚያው ማታ ሚሙና ብለው በር ከፍተው ያድራሉ፤ ዱቄቱንና እርሾውን ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ያመጡላቸው ነበር።

የእኛ ቤት ጉዳይ እንጀራው ነው። አሮጌው እርሾ ከበዓሉ በፊት ስለተደፋ ሊጡ ከባዶ ይጀመራል። በዚያው ማታ ጥቂት ዱቄት በውሃ በጥብጠው ከድነው ያሳድሩ፤ በኻርቱም ሙቀት ቶሎ ይነሳል፣ በደጋ ግን ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ከቸኮሉ በኻርቱም ጅሬፍ ወይም ዴም ሰፈር የአበሻ ቤት ካገኙ እርሾ ይለምኑ። የመጀመሪያውን እንጀራ ሲያወጡ ለእርሾው ባለቤት ይላኩላት።

ከዚያ ወረቀት አውጥተው ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ከአዛውንቱ የሰሙትን የመንገድ ታሪክ፣ በበዓሉም ያጠረዎትን፤ ዘይቱ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ቂጣው በየትኛው ገበታ እንዳለቀ። በአሮጌው ሥርዓት የሚቆጥሩ ከሆነ 50 ቀን ቆጥረው ሲዋን 12 ላይ የሳምንታት በዓል የሆነውን ማዕረርን ያከብራሉ፤ በ2019 ዓ.ም. ሐሙስ ሰኔ 10 ይውላል። ፈቃድ መጠየቅ ካለብዎ ከአሁኑ ይጠይቁ።